አንድ ሰው የሚያየው ሌንስ

ለአንድ ሰው አንድን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረድታችሁ፣ ሰውየውም «ገባኝ» ብሏችሁ ከተለያያችሁ በኋላ፣ የጠየቃችሁ ጭራሽ ሌላ ነገር እንደነበር ያወቃችሁበት ቀን አለ? ያወቃችሁትስ ተመልሳችሁ ልትጠይቁት በማትችሉበት ጊዜ ነው? እኔ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኛል። ሥራዬ ማስረዳት ስለሆነ ይህንንም እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል አስረዳችኋለሁ።

የጋሽ ሸምሱን መሞት የሰማሁት በክረምቱ እረፍት፣ ጌጫ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። አናጺው ተሾመ ከሚዛን ደወለልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ቲቸር፣ ሽማግሌው…» አለና ድምፁ ጠፋ። መልሼ ስደውል «ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ ቀበርናቸው» አለኝ። በዚያች ደቂቃ እጄ ላይ እርሳስና ማስመሪያ ነበር። ለጋሽ ሸምሱ ቃል የገባሁትን ሳጥን ንድፍ እየሳልኩ ነበር። መስመሩን እስከ ጫፍ ድረስ ጨረስኩት፤ ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አምና ስለ ብርሃን የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ካሜራ ውስጥ ምስል ይገለበጣል ካልሽን፣ ስልካችን ለምን አልተገለበጠም?» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ ሥዬ አስረዳሁ። ግማሹ ክፍል አመነኝ፤ ግማሹ ደግሞ ለፈተና ያህል ጻፈው። ስለዚህ ተማሪ ጭንቅላቱን አስገብቶ የሚያይበት ትልቅ የእንጨት ካሜራ ለመሥራት ወሰንኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ የፈዘዘ መስታወት፣ በመሃል ጨለማ ሳጥን፣ ራስ ላይ ደግሞ ጥቁር ጨርቅ። ተሾመ ሳጥኑን እንደሚሠራልኝ ቃል ገባና «ሌንሱን ግን ከየት ታመጪዋለሽ? ጋሽ ሸምሱ ጋ ሂጂ» አለኝ።

ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከስልጤ አገር ከነጋዴ አጎታቸው ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ጉርድ ፎቶ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። ሰው ሲያነሱ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» አይሉም፤ በከተማ ስም ነው የሚያዙት። «አገጭህን ለቴፒ፣ ዓይንህን ለእኔ» ይላሉ። ሰውየው ከልክ በላይ ከዞረ «ቴፒ ደረስክ እኮ፤ ወደ ሸኮ ተመለስ» ይሉታል። ያኮረፈች ሙሽራ ካለች «ማጂን እዪያት፣ እዚያ ማንም የለም» ይሏታል። ዛሬም ሚዛን ውስጥ ስልክ ሲነሳባቸው አገጫቸውን ወደ ሸኮ መለስ የሚያደርጉ እናቶች አሉ። ከየት እንደመጣ ብትጠይቋቸው ይስቃሉ።

ትልቁን ካሜራቸውን ግን ምስጥ በልቶታል። አንድ ክረምት ታመው ተኝተው ሲነሱ ካሜራው በቦታው ቆሞ ነበር፤ የቆመው ግን ቀለሙ ብቻ ነው። ሲነኩት እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። የተረፉት ሁለት ሌንሶች ናቸው።

ጥር ላይ ግቢያቸው ስገባ በቡናው ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበውታል። ቡና የሚያገላብጡ መስሎኝ ነበር። ስጠጋ ግን ከቡናው ዳር፣ በነጭ መሐረብ ሥር ያሉትን ሌንሶች ነው የሚያገላብጡት። ስሜን ነግሬያቸው ከማስተማሪያው ሳጥን ጉዳይ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ወደ ሌንሶቹ ጠቆሙኝ።

«ፀሐይ በወጣ ቁጥር አናፍሳቸዋለሁ። የዚህ አገር እርጥበት መስታወትም ያሻግታል። እርጥብ ቡና በላስቲክ ብትቋጥሪ ምን ይሆናል? እሱ ነው።»

«መሐረቡስ ለምንድን ነው?»

«ፀሐይዋ በሌንሱ አልፋ ቡናውን እንዳታቃጥል ነዋ። አንድ ቀን ረስቼ የዘሀራን ቡና አጭሼባታለሁ።»

«ሁለት ቀን!» አለ ከቤት ውስጥ የሴት ድምፅ። «ሁለት ቀን ነው ያጨስከው። የመጀመሪያውን ለጎረቤት ልጅ አላክከህ ነበር።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው። ጋሽ ሸምሱ በአፋቸው «እሺ፣ ሁለት ቀን» አሉ፤ በጣታቸው ግን አንድ አሳዩኝ። እኔ ሌንስ የፀሐይን ብርሃን እንዴት አንድ ነጥብ ላይ እንደሚሰበስብ፣ ለምንስ እንደሚያቃጥል አስረዳኋቸው። ሠላሳ ዓመት በሌንስ እንጀራ የበሉ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምተው «እንዲህ ነው ለካ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሌንሶች መዳፌ ላይ አስቀመጡ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ሌላው መዳፍ የሚሞላ፣ ከባድ።

«አንዱን ውሰጂ። ሁለቱን አልሰጥሽም። ጀማሪ ሁለት ሌንስ ካለው ሲለዋውጥ ይውላል፤ ማየት አይማርም።»

«በምን ልምረጥ ታዲያ?»

«ማንን ልታዪበት ነው?»

«ብርሃንን ለማስተማር ነው ጋሽ ሸምሱ።»

«ብርሃንማ ደጅ ሞልቷል። ማንን ነው ያልኩሽ?»

እኔ ግን ወደማውቀው ሄድኩ። የሩቅ ነገር በሌንስ አልፎ ጥርት ብሎ የሚታይበት ርቀት አለ፤ የሳጥኑ ርዝመት በዚያ ይወሰናል። ትንሹ ሌንስ ስንዝር የማይሞላ አጭር ሳጥን ይበቃዋል። ትልቁ ክንድ የሚያህል ረጅም፣ እንደ መሳቢያ የሚሳብ ሳጥን ይፈልጋል። ሌንሱን የመረጠ ሰው ሳጥኑን፣ የሚቆምበትን ቦታና የሚያየውን ነገር አብሮ መርጧል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስናገር ጋሽ ሸምሱ ትልቁን ሌንስ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱ ነበር።

«አጭሩ ብዙ ሰው ያያል፤ ረጅሙ አንድ ሰው ያያል» አሉኝ። «እኔ ብሆን ረጅሙን ነው የምመርጠው።»

«ለምን?»

«አንድ ሰው ማየት ከባድ ስለሆነ።»

ደስ አለኝ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። የድሮ ሰው ሙያውን እንዲህ በአጭሩ መናገሩ አስደነቀኝና ለተማሪዎቼ ልነግራቸው አሰብኩ። ለራሴ የተነገረ ነገር መሆኑ አልታየኝም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን ከእትዬ ዘሀራ ጋር እንዴት እንደተገናኙ ነገሩኝ።

«እኔ ሚስቴን መጀመሪያ ያየኋት ተገልብጣ ነው» ብለው ጀመሩ። ይህን በከተማው ያልሰማባቸው ሰው የለም። «ከአባቷ ጋር ለጉርድ ፎቶ መጣች። እኔ ቀና ብዬ ሰው የማይ ልጅ አልነበርኩም፤ ዓይነ አፋር ነኝ። ወንበሩን አሳየኋትና ጨርቁ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ መስታወቱ ላይ አገጯ ወደ ላይ፣ ግንባሯ ወደ ታች ሆኖ መጣ። ዓይኗን ጨፈነችና ከፈተች። ሸኮ የሚለው ስም ጠፋኝ፤ ማጂም ጠፋኝ።»

«ወደ የት ልይ አልኩት» አሉ እትዬ ዘሀራ ቡናውን እየለቀሙ። «ከጨርቁ ውስጥ ሆኖ ‹ወደ እኔ› አለኝ። ከዚያ ዝም። አባቴ ተነሳና ጨርቁን መታ መታ አድርጎ ‹ልጄ፣ ተኝተሃል እንዴ?› አለው።»

«አልተኛሁም ነበር» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ አሁንም ድረስ የተከሰሱ ያህል።

አሁን ሳስበው ብዙ ነገር ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ገና ከበር ስገባ አይጠሩኝም፤ «ቲቸር» የሚሉኝ ድምፄን ከሰሙ በኋላ ነው። ሲኒ ሲቀበሉ መጀመሪያ እጃቸው ጠረጴዛውን ይነካል። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣች ዞር ይላሉ። ዓይናቸው እንደደከመ አውቃለሁ፤ በዚያ ዕድሜ የማይደክም የለም ብዬ አለፍኩት። ተማሪዎቼን ከምልክቶች ተነስታችሁ መደምደሚያ ላይ ድረሱ እያልኩ አስተምራለሁ።

ምርጫዬን በሠንጠረዥ ሠራሁት። በአንድ በኩል አጭሩ ሌንስ፣ በሌላ በኩል ረጅሙ። አጭሩ ሳጥን ትንሽ ጣውላ ይበቃዋል፤ ከፈተና በፊት ያልቃል፤ ለመሸከም ይቀላል፤ አይሳብም፣ ስለዚህ አይበላሽም፤ መላው ክፍል ተሰልፎ በአንድ መስታወት ላይ ይታያል። አምስት ነጥብ። ረጅሙ አንድ ነጥብ አገኘ። ደብተሬን ይዤ ሄጄ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።

«አንዱ ምን ነበር?» አሉኝ።

«የቱ?»

«ረጅሙ ያገኘው አንዱ ነጥብ።»

«የሰውን ፊት ቀርቦ አጉልቶ ያሳያል የሚለው ነው።»

«እሱ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚያሰጠው?»

ሳቅኩ፤ ነጥብ እንዴት እንደሚሰጥም አስረዳኋቸው። እያንዳንዱ ጥቅም እኩል አንድ አንድ ይያዝለታል፤ ካልሆነ ሠንጠረዡ ለአንዱ ያደላል። እትዬ ዘሀራ ከበሩ ላይ ቆመው ባላቸውን ያዩ ነበር። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ሸምሱ ግን ቀደሟቸው።

«ገባኝ» አሉ። «አንቺ ካልሽ እሺ፣ ቲቸር።» አጭሩን ሌንስ በመሐረባቸው ጠቅልለው ሰጡኝ።

ተሾመ ሳጥኑን በሦስት ሳምንት ጨረሰው። ተማሪዎቹ ከሚሰለፉበት ቦታ አምስት እርምጃ ቆጥሬ፣ ምስሉ እዚያ ላይ ጥርት እንዲል መስታወቱን አስተካክዬ በኮላ አጣበቅኩት። እንዳይነቃነቅ ብዬ ነው።

ሳጥኑ በተመረቀበት ቀን ጠዋት ዝናቡ አቆመ። ጋሽ ሸምሱና እትዬ ዘሀራ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። እትዬ ዘሀራ አዲስ ብርቱካናማ ሻሽ አስረዋል። ለትምህርት ቤት ሳጥን ይህን ያህል መዋባቸው ገረመኝ። ተማሪዎቹ ተራ ለቀቁላቸው። እትዬ ዘሀራ አምስት እርምጃ ርቀው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ሸምሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ያለ ባርኔጣ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ባርኔጣውን ለእኔ ሰጥተው በእጃቸው ጠርዙን እየፈለጉ ጨርቁ ውስጥ ገቡ።

ቆዩ። በጣም ቆዩ። ከኋላ አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ተኝተው ይሆን እንዴ?» ሲል ክፍሉ ሳቀ።

ከጨርቁ ውስጥ ድምፃቸው መጣ። «ትንሽ ማስጠጋት አይቻልም?»

«አይቻልም ጋሽዬ። ሳጥኑ ለአምስት እርምጃ ብቻ የተሠራ ነው። ከተጠጉ ምስሉ ይደበዝዛል» አልኩና አጋጣሚው ለትምህርት እንደሚሆን ታየኝ። ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ ነገሩ ወደ ሌንስ ሲቀርብ መስታወቱ ለምን መራቅ እንዳለበት በዝርዝር አስረዳሁ። ይህን ሁሉ ሳስረዳ ጋሽ ሸምሱ ጨርቁ ውስጥ ነበሩ።

ሲወጡ ዓይናቸው ያነባ ነበር። ከጨለማ ወደ ብርሃን መውጣታቸው ነው ብዬ ነገርኳቸው።

«ታየሁ?» አሉ እትዬ ዘሀራ ከወንበራቸው።

«ታይተሻል» አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው «ጥሩ ሳጥን ነው ቲቸር፤ ብዙ ሰው ያያል» አሉኝ።

እኔም ተከትዬ ገባሁና አየሁ። የእትዬ ዘሀራ ፊት መስታወቱ ላይ ተገልብጦ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ የቡና ፍሬ የሚያህል። ጥራቱ አኮራኝ።

ለእረፍት ስሄድ ልሰናበታቸው ጎራ አልኩ። ጋሽ ሸምሱ ያለ ወትሯቸው እስከ በር ሸኙኝ። ረጅሙንም ቆይቼ እንደምሠራ ቃል ገብቼላቸው ነበር።

«ረጅሙን መቼ ነው የምትሠሪው?»

«መስከረም ላይ፣ ትምህርት እንደተከፈተ።»

«መስከረም ሩቅ ነው።»

«ሩቅ አይደለም» አልኳቸው። «ዘጠኝ ሳምንት ብቻ ነው።» በጣቴ ቆጥሬ አሳየኋቸው።

ለለቅሶ ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሰው እስኪቀል ጠበቅኩ። እትዬ ዘሀራ አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙኝ። «ስለ አንቺ ያወራ ነበር» አሉኝ። «ትምህርቷን ትወዳለች ይላል።» ቀጥለው፣ ሳልጠይቃቸው፣ የማላውቀውን ነገሩኝ።

የጋሽ ሸምሱ ዓይን መጥፋት የጀመረው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። ጅማ ሄደው ሐኪሞቹ የሄደው አይመለስም አሏቸው። «ጭጋግ ውስጥ ሆኜ ነው የማይሽ ይለኝ ነበር። ፊቴን ካየ ቆይቷል።»

«ቀርበው ማየት አይችሉም ነበር?» አልኩ።

«ሞክሯል። አፍንጫው አፍንጫዬን እስኪነካ» አሉና በእንባቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አፈረ። ብርሃን ካለ ዓይኑን ይወጋዋል፤ በሩን ስንዘጋው ደግሞ እኔ እጠፋበታለሁ። ጨርቁ ውስጥ ግን ብርሃን የሚገባው በሌንሱ ብቻ ነው አለኝ። በትልቁ ሌንስ ፊትሽ በቁመቱ ልክ ይመጣል፤ መስታወቱ ላይ ተጠግቼ አይሻለሁ አለ። በስልክ ፎቶ አንስቼ ላሳይህ ብዬው እሱም ዓይኑን ወጋው። ደግሞም፣ ፎቶው የማይንቀሳቀስ ፊት ነው የሚያሳየኝ አለ፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትከፍቺ ነው ማየት የምፈልገው።»

«ያን ቀንስ? ትምህርት ቤት የመጣችሁ ቀን?»

«ታይተሻል አለኝ፤ ሰምተሻል። ቤት ስንገባ ‹ብርቱካናማ ነገር አየሁ› አለኝ። ሻሹን ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?»

«እኔም ንገራት ብዬው ነበር። ‹ነግሬያታለሁ› አለኝ። ‹እኔ ብሆን ረጅሙን ነው የምመርጠው አልኳት። እሷም ምክንያት አላት፤ አስረዳችኝ።›»

ልነሳ ስል የወተት ዱቄት ጣሳ አምጥተው ጭኔ ላይ አደረጉ። ውስጡ ትልቁ ሌንስ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሏል። ክረምቱን ጋሽ ሸምሱ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር እያወጡ ያናፍሱት ነበር፤ አንድም ሻጋታ የለበትም።

ረጅሙን ሳጥን ከተሾመ ጋር ጥቅምት ላይ ጨረስነው። ኮላ አልነካነውም፤ ክንድ ያህል ወደፊትና ወደኋላ ይሳባል። ወደ ትምህርት ቤት አልወሰድኩትም። ተሸክሜ እትዬ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። ብርቱካናማውን ሻሽ አሰሩ። በራፉ ላይ፣ ብርሃኑ ከጎን በሚመጣበት ቦታ፣ ከአንድ እርምጃ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ጨርቁ ውስጥ ገባሁ።

«ወደ የት ልይ?» አሉኝ።

ሸኮ ልል ነበር። ማጂ ልል ነበር። «ወደ እኔ» አልኩ።

ሳጥኑን ቀስ ብዬ ሳብኩት። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር። ከዚያ አገጫቸው ከላይ፣ ግንባራቸው ከታች ሆኖ መጣ፤ በቁመቱ ልክ፣ እጄን ብዘረጋ የምዳስሰው ፊት። በግራ ቅንድባቸው ላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ፣ ከዚህ በፊት ልብ ያላልኳት። የላይኛው ከንፈራቸው ላይ ያለው ላብ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከፈቱ።

«ታየሁ?»

«ታይተዋል።»

«ተገልብጬ?»

«ተገልብጠው።»

የማስረዳው ብዙ ነገር ነበር፤ ምስሉ ለምን እንደሚገለበጥ፣ በቁመቱ ልክ ለመምጣት ስንት መሳብ እንዳለበት። አንዱንም አልተናገርኩም። መስታወቱ ላይ እንባቸው ወደ ላይ ሲወርድ አየሁ።

ካሜራ የላችሁም ይሆናል፤ ይህን ለመሞከር አያስፈልግም። አንድ አጉሊ መነጽርና አንድ ስስ ነጭ ወረቀት ይበቃል። የምትወዱትን ሰው በራፍ ላይ፣ ብርሃን ፊቱን በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። እናንተ ከወደ ጨለማው ቁሙና ጋቢ ተከናነቡ፤ መነጽሩን ወደ እሱ አድርጋችሁ ወረቀቱን ከኋላው ያዙ፤ ፊቱ እስኪመጣ ድረስ ወረቀቱን አርቁ፣ አቅርቡ። ተገልብጦ ይመጣል፤ አትደንግጡ። ዓይኑን ሲጨፍንና ሲከፍት ጠብቁ። ከዚያ ቦታ ቀይሩና «አንተስ ማንን ማየት ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እስኪመልስ ድረስም ምንም አታስረዱ። እሱ ጋቢው ውስጥ ገብቶ ከቆየ፣ ተኝተሃል ወይ አትበሉት።